ስምረት ልካኝ ነው በዪው

«ፋሪ ማናት?»

ስምረት መልእክቷን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። የላከችው የክፍሏ ልጅ ሀዊ ናት። ወዲያው ሌላ ተከተለ፤ ይኼኛው እንባ እስኪወጣቸው የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበታል። «የኛዋ ፋሪ ናት እንዴ? እግሯ እስካሁን ጫማ አላገኘም?»

ስምረት በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ትንሽ ቀደም ብላ ራሷ ለሀዊ የላከችውን አየችና ክው አለች።

«ፋሪዬ፣ ይህን ሰንደል ሳየው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ለእግርሽ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ወላሂ! ታይዋን ገበያ፣ ዐብዲሰላም ሱቅ አለ። ስምረት ልካኝ ነው በዪው።»

ስሙን መቀየር ረስታለች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያንኑ ጽሑፍ እየገለበጠች፣ የመጀመሪያዋን ስም ብቻ እያጠፋች ሌላ ስም ስትተካ ነው የቆየችው። ሀዊ ጋ ስትደርስ እናቷ ከጓሮ ጠራቻትና ቸኮለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስምረት ግን የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳን ጊዜ አላገኘችም፤ ልታጠፋው ስትል ሀዊ የስክሪኑን ፎቶ አንስታው ነበር።

«በናትሽ ለማንም እንዳታሳዪ» ብላ ጻፈችላት።

«ለሰው ሁሉ የላክሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለች ሀዊ።

ስምረት ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወረችው። ተመልሳ አነሳችው። እንደገና ወረወረችውና ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ክፍሏ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ለማለት አትመችም፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ግድግዳ ነው። ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት እስካሁን አልተፋውም። ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ ሀዊ ፎቶውን ለራሷ ለፋሪ፣ ለፋርሒያ፣ ከመላኳ በፊት እሷ መድረስ አለባት።

ፋርሒያ እግሯ ሰፊ ነው። አምስተኛ ክፍል እያሉ አንድ ልጅ «ጀልባ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስሙም እስከ ሰባተኛ ክፍል ተከተላት። እስከ ዛሬ ድረስ ጫማ ለመግዛት ስትሄድ ስምረትን ሳትይዝ አትሄድም። ሻጩ «ከዚህ የሚሰፋ የለንም እህቴ» ሲል አብሯት የሚናደድ ሰው ያስፈልጋታላ! ስምረት ደግሞ ለሰው በመናደድ የታወቀች ናት።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው፣ ያ መልእክት መጀመሪያ ሲጻፍ እውነት መሆኑ ነው። ሰንደሉን ስታየው የምርም ትዝ ያለቻት ፋርሒያ ናት። ጻፈችላት። ፋርሒያ ወዲያው የልብ ምልክት መዓት ላከች፤ በማግሥቱም፣ ለአንዴ ብቻዋን፣ ሱቁ ሄዳ ገዛች። ዐብዲሰላም ይህን ሲያይ «ይኼ ጽሑፍ ወርቅ ነው! ለሁሉም እንደዚህ ላኪ» አላት። ላከች።

ዐብዲሰላም ታይዋን ገበያ ውስጥ ከሰንደል እስከ ባልዲ የሚሸጥ ወጣት ነው። አፉ ጨዋታ ያውቃል። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ስምረት ከእናቷ ጋር ሳፋ ልትገዛ ስትመጣ፣ በሱቁ ደጃፍ ያለፈች ልጅ ሁሉ እየቆመች ስትስማት አየ። «አንቺ ልጅ፣ ድሬን በሙሉ ነው እንዴ የምታውቂያት?» አለ። ያኔ ስምረት ስልክ አልነበራትም። የድሮ ስልኳ ከባጃጅ ስትወርድ ከእጇ አምልጦ የኋላው ጎማ ሄዶበታል። አባቷ ገብረወልድ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው፤ የስልክ ነገር ሲነሳበት «እናያለን» ይላል። እነ ስምረት ቤት ደግሞ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ከትንሽ እስከ ትልቅ ያውቀዋል። ልጅቱ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲስቅ የሳቁን ምክንያት ጠይቃ፣ ተነግሯት፣ በመጨረሻ ለብቻዋ የምትስቅ ሆና ነበር። ያ ያንገበግባል።

ዐብዲሰላም የሰጣት ስልክ ብዙም ያልተነካ ነው። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ እሱ በየቀኑ የዕቃ ፎቶ ይልክላታል፣ እሷ ለጓደኞቿና ለጎረቤቱ ታደርሳለች። ትምህርት እስኪዘጋ ካላቋረጠች ስልኩ የራሷ ይሆናል። አንድ ምክር ብቻ ጨመረላት። «ማስታወቂያ የሚመስል ነገር ሰው አያነብም። በስማቸው ጥሪያቸው። አንቺን ይወዱሻል።»

ስምረት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ፋርሒያ ቤት ዳገቱን በሩጫ ወጣች።

ፋርሒያ በራቸው ላይ ቆማ ነበር፣ ስልኳን ይዛ፤ የሀዊ ፎቶ ስምረትን ቀድሟታል። ከውስጥ የሴቶች ድምፅና የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ታላቅ እህቷ ዐማል ወልዳ እናቷ ቤት ነው የተኛችው፤ ቅዳሜ የስም ማውጫ ድግስ አለ። ፋርሒያ እግር ላይ አዲሱ ሰንደል አለ። ስምረት ላለማየት ሞከረች።

«ለስንት ሰው ነው የላክሽው?» አለች ፋርሒያ።

«ፋሪ፣ ስሚኝ አቦ…»

«ለስንት ሰው?»

«ለብዙ።»

«ሁሉም በአንድ ቀን ትዝ አሉሽ?»

ስምረት መልስ ስታጣ ደግሞ ትጮኻለች፤ የቆየ አመሏ ነው። «ምን አጠፋሁ? ጫማው ጥሩ ነው፣ አድርገሽዋል አይደል? ውሸት አልሸጥኩልሽም። ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ ማስታወቂያ ነው!»

«ስፓም ነው።»

«ስፓም ማለት የማታውቂው ሰው የሚልክልሽ ነው! ‹እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል› የሚለው። እኔን እኮ ታውቂኛለሽ!»

«ናያ አንቺ፣ እሱንማ ሳላነበው አጠፋዋለሁ» አለች ፋርሒያ። አልጮኸችም። «ያንቺን ግን ከፍቼ አነበብኩት። ለሆዮ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምን አለች መሰለሽ? ‹እግርሽን የሚያስብልሽ ጓደኛ አላህ ሰጠሽ› አለችኝ።»

ሆዮ የፋርሒያ እናት ናት። ስምረትም ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዮ ነው የምትላት፤ ገና ስታያት «ነይ ብዪ» የምትላት ሴት ናት።

«ያንቺው እውነት ነበር» አለች ስምረት ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት። በእማምላክ።»

«እንዴት ልወቅ?» አለች ፋርሒያ። «ከሀዊ ጋር እኮ አንድ ዓይነት ነው። ነጥቡ ሳይቀር።»

ከውስጥ «ፋርሒያ!» የሚል ጥሪ መጣ። ፋርሒያ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ስምረት ልታንኳኳ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አላስቀመጧትም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል። የሒሳብ መምህሩ «ስምረት፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። ሀዊና ጓደኞቿ ደግሞ በእረፍት ሰዓት «ዛሬ ምን ቅናሽ አለ?» እያሉ ይከቧታል። ፋርሒያ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ሰንደሉን ዳግመኛ አድርጋው አልመጣችም፤ ወደ ድሮው የወንድ ሸራ ጫማዋ ተመልሳለች።

ስምረት መላኩን አላቆመችም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት። ደግሞስ ብታቆም? ስልኩ ይሄዳል፤ ስልኩ ከሄደ ሳቁ ሲያልቅ የምትስቀው ልጅ ተመልሳ ትመጣለች። ሰኔ ሩቅ አይደለም እያለች ራሷን አጽናናች። የፀጉር ቅባት ላከች። የልጆች ቦርሳ ላከች። ሆኖም አንድ ነገር እየተለወጠ መሆኑን አየች፤ ድሮ መልእክቷ አጠገብ ወዲያው ሁለት ትሆን የነበረችው ምልክት አሁን አንድ እንደሆነች ትቀራለች። የሚያነበው የለም። ለፋርሒያ ዕቃም ሱቅም የሌለበት፣ በራሷ ቃል የጻፈችው ይቅርታም ነበረ። እሱም ሥር ያለችው ምልክት አንድ ናት። በትምህርት መሐል ስልኩን ከዴስክ ሥር አሾልካ አየች፤ አንድ። ቤት ስትደርስ አየች፤ አንድ።

ዓርብ ለጁምዓ ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ ይለቀቃል። ስምረት ምሳዋን በልታ ደጅ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ድሬዳዋ በዚህ ሰዓት በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ያልተኛው ጥላ ፈልጎ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳን አይገኝም። እናቷ አስካለማርያም ውስጥ ወለሉ ላይ አንሶላ ዘርግታ አሸልባለች። ስምረት ስልኩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች።

ያኔ ነው ቧንቧው ያስነጠሰው።

መጀመሪያ አየር ተነፈሰ። ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ተፋ። ከዚያ ንጹሑ ውሃ ባዶውን በርሜል እንደ ከበሮ እየመታ ይወርድ ጀመር።

በዚህ ሰፈር ውሃ ብዙ ጠፍቶ አንዳንዴ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ከዳገቱ ግርጌ ያለው የነ ስምረት ቤት ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ የታች ቤት ይጠራል፣ ይሞላል፣ ይዘጋል። ታችኛው ካልዘጋ ላይኛው ቧንቧ ጠብ አይልለትም። ጥሪውን የጀመረው ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው የስምረት አያት ነው፤ ፊሽካውን ይነፋ ነበር ይባላል። እሱ ሲያርፍ አስካለማርያም በድምፅዋ ቀጠለች። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ግን ሥራው የስምረት ሆኗል፤ ጉሮሮ መሰንጠቅ ቀርቶ በአንድ መልእክት ሰፈሩ ይነሳል።

«ውሃ መጣ!» ብላ ለሁሉም ላከች። የመጀመሪያው በርሜል ሲሞላ የውሃ ጎማውን ወደ ሁለተኛው ወሰደች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው የብረት በር ይንጫጫል፤ ባልዲ ይንከባለላል፤ አንዱ «ዝጉ እንጂ እናንተ!» ብሎ ከላይ ይጮኻል። ዛሬ ምንም የለም። ስልኩን አየች። አንድ ምልክት። ሁሉም ጋ አንድ ምልክት። እንደገና «ውሃ መጣ!» ብላ ላከች። ሰፈሩ እንቅልፉን ይለጥጣል።

መጀመሪያ ያልገባት ነገር ቀስ ብሎ ገባት። አላነበቡም። የእሷን ስም ሲያዩ የማያነቡ ሆነዋል። ብዙዎቹ ድምፁን ዘግተውታል፤ ቀሪዎቹ ደግሞ ስሟን አይተው «ደግሞ ምን ልትሸጥ ነው» ብለው አልፈዋል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሆዮ ቤት ለስም ማውጫው ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ድረስ እንግዳ ይመጣል። አራስ አለች፣ ሕፃን አለ፣ የሚታረድ በግ አለ። ትናንት ፋርሒያ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወደ ታች ስትወርድ ስምረት ከመስኮት አይታታለች፤ በነሱ በር ስታልፍ አንገቷን እንኳን አላዞረችም።

ስምረት ቧንቧውን ዘጋችው። ሁለተኛው በርሜል ግማሽ እንኳን አልደረሰም።

እናቷ ድምፁ ሲቋረጥ ነቃች። «ሞልቶ ነው የዘጋሽው?»

«አልሞላም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ማንም አልሰማም እማዬ። እኛ ከከፈትን ላይ አይደርስም። መጣሁ!»

አስካለማርያም አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ልጅቱ ግን በሩ ላይ የለችም። ስምረት ነጠላ ጫማዋን አንደኛውን ብቻ ነው ያገኘችው፤ እሱንም ጥላው ሮጠች። አስፋልት ያልነካው መንገድ እሳት ነው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳችና የመጀመሪያውን የብረት በር ደበደበችው።

«ውሃ መጣ! ውሃ!»

ሁለተኛውን በር። ሦስተኛውን። አራተኛው የጋሽ አየነው ነው። የባቡር ጡረተኛ ሲሆን ነገር ማጣፈጥ ይወዳል። ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ሽርጡን እያጠበቀ ብቅ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ትሸጫለሽ?»

ከኋላው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሳቁ። ስምረት ላይ የሐሩሩ ሩጫ ያላደረሰውን ነገር ይህች ጥያቄ አደረሰች፤ ፊቷ እሳት ሆነ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ምንም አልሸጥም ጋሼ። ውሃ መጥቷል። ተነስ አቦ!»

ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙ አይሰማም፤ ጋሽ አየነውም አልተቀየመም። ፊቷን ትንሽ ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና «ተነሱ!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። «ጀሪካን አምጡ! የምሯን ነው!»

የፋርሒያ ቤት የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ስምረት ስትደርስ ትንፋሽዋ ተቆራርጧል። በድንጋዩ መታች። ዝም። እንደገና መታች።

ፋርሒያ ከፈተች። እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይኗ ስምረትን ሲያይ ወዲያው ጠበበ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ መጣ። እኛ ዘግተናል። አሁን ይደርሳችኋል፣ ግን ቶሎ በሉ።»

«ለምን አትልኪም ነበር?»

«ልኬያለሁ። ሁለቴ።»

ፋርሒያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ስምረት ስሟን ከሩቅ አየችው፤ አጠገቡ የተሰረዘ ደወል አለበት፣ ከሥሩ ያልተነበቡ መልእክቶች ተከማችተዋል። ፋርሒያ አልከፈተቻቸውም፤ የመጨረሻው ላይ የሚታየውን ብቻ አነበበች። «ውሃ መጣ!»

ዞራ ወደ ጓሮው ሮጠች፤ ስምረትም ተከተለቻት። ቧንቧውን ሲከፍቱት አየር ብቻ ነፋ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው የቧንቧውን አፍ አዩ። ስምረት በልቧ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረች፤ የቱንም ግን አልጨረሰችውም። በመጨረሻ አንድ ጠብታ መጣ፣ ቀጥሎ ክር የመሰለ ውሃ።

በርሜሉ ቀስ ብሎ ሞላ። ባልዲው ሞላ። ሳፋው ሞላ። ሆዮ ልጆቹን እየጠራች ከድስት እስከ ማንቆርቆሪያ አስወጣች። ስምረትና ፋርሒያ አንድ ሰፊ ሳፋ በሁለት ጆሮው ይዘው ወደ ኩሽና አመላለሱ። ውሃው እየተንቦጫቦጨ ቀሚሳቸውን አራሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዷ ሆን ብላ ሌላዋ ላይ ትደፋ ነበር። ዛሬ ማንም አልደፋ፤ ማንም አልሳቀ። ቢሆንም ሳፋውን አብረው ያነሳሉ፣ አብረው ያስቀምጣሉ፤ ማን መቼ ጎንበስ እንደሚል መናገር አላስፈለጋቸውም።

ውሃው ሲቀጥን ሆዮ እርጥብ እጇን በስምረት ራስ ላይ አድርጋ በሶማልኛ መረቀቻትና ወደ ዐማል ገባች። ፋርሒያ ምን ማለት እንደሆነ አልተረጎመችላትም። በሩ ድረስ ግን ሸኘቻት። የስምረትን ባዶ እግር አየች።

«ስምረት።»

«ወዬ።»

«ነገም ትልኪያለሽ?»

ስለ ዐብዲሰላም ዕቃ እንደምትጠይቃት ስምረት ገብቷታል። «አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፣ አታውቅም ነበር። ፋርሒያ ራሷን ነቀነቀችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሱቆቹ ከቀትር እረፍታቸው ሲመለሱ፣ ስምረት ታይዋን ነበረች። ገበያው እንደገና ተነስቷል፤ ባጃጆቹ ይጮኻሉ፣ ዘፈኑ ከየሱቁ ይላተማል። ዐብዲሰላም ባንኮኒው ላይ በእጁ የተደገፈ ፊቱን አንስቶ ፈገግ አለ።

«የት ጠፋሽ አቦ! የዛሬውን ፎቶ ልኬልሽ አላየሽውም።»

«አልላክሁትም» አለች ስምረት። «ማንም አያነብም ዐብዲ። ዘግተውኛል። ዛሬ ውሃ መጣ ብዬ ብልክ እንኳን የሚያነብ ጠፋ። በድንጋይ በር ስደበድብ ነው የዋልኩት።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ዐብዲሰላም እየሰማት ጢሙን ይፈትላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሆዮን ቤት ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰላቸው» አለ ከልቡ። ከዚያ ግን ዓይኑ አንድ ነገር እንዳገኘ ሰው በራ።

«ገባኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጫማ በየቀኑ ሲላክ ያንገሸግሻል፣ ልክ ናቸው። እሱን ተዪው፣ ሀላስ፣ በቃ። አሁን ስሚኝ። ሰፈርሽ ከምንም በላይ የሚጠብቀው ያንቺን ‹ውሃ መጣ› ነው አይደል? እሱን ብቻ ላኪ። አንድ ሳምንት ሌላ ምንም ካልላክሽ ድምፁን መልሰው ይከፍቱታል። ከሥሩ ግን አንዲት መስመር፤ ‹ጀሪካን፣ በርሜል፣ ጎማ፣ ዐብዲሰላም ሱቅ›። አለቀ። ይኼ ስፓም ነው እንዴ? ወላሂ ጥቅማቸው ነው!»

ወደ ውስጥ ገብቶ ቢጫ ጀሪካን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አቆመ። በጣቱ ኳ አደረገው። «ስልኩን ደግሞ ሰኔን አልጠብቅም። እሺ ካልሽኝ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ስምረት ጀሪካኑን አየችው። ጥሩ ጀሪካን ነው፣ ወፍራም። ጋሽ አየነው ዛሬ የሞላው ጀሪካን ከሥሩ ሲያፈስ በዓይኗ አይታዋለች፤ አዲስ ያስፈልገዋል። ዐብዲሰላም እንዳለው አንዲት መስመር ናት። ማንንም በስሙ አትጠራም፣ ማንንም ትዝ አለኝ አትልም። ውሸት የለበትም። ልትቃወመው ብትፈልግ ምኑን ይዛ? ስልኩ እጇ ውስጥ ነው፣ ለብ ያለ። ሰኔን መጠበቅ የለም። ዛሬ።

ነገር ግን ሐሳቧ እየደጋገመ አንድ በር ላይ ይቆማል። ጋሽ አየነው ሽርጡን ይዞ «ምን ትሸጫለሽ?» ሲላት «ምንም» ያለችው ምንም ሳትፈራ ነው። ያቺን «ምንም» ስላመነ ነው የተነሳው። ስምረት በሐሳቧ እንደገና ከበሩ ፊት ቆመች፤ እንደገና ጠየቃት። አሁን ግን ከ«ውሃ መጣ» ሥር ያቺ መስመር አለች፤ «ምንም» የሚለው ቃል አልመጣላትም።

«እ?» አለ ዐብዲሰላም። «ምን ታስቢያለሽ? አንዲት መስመር እኮ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች ስምረት። ስልኩ እንደሚያሳዝናት ሳትደብቅ፣ በአውራ ጣቷ መስታወቱን አንዴ ጠረገችው። ከዚያ በጎኑ አዞረችና ሲም ካርዱ የሚወጣበትን ትንሽ ቀዳዳ ፈለገች።

«ዐብዲ፣ መርፌ አለህ?»